አርፋጆችን ላጠና ወጥቼ

ተግባራዊ ምርምር፣ ማለትም መምህር የራሱን ሥራ ለማሻሻል የሚያካሂደው ጥናት፣ ሲባል ድሮ ትዝ የሚለኝ ፋይል ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ከመስኮቱ ስር ባለው መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ፣ ጀርባቸው ላይ ዓመተ ምህረት የተጻፈባቸው፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ብቻ አቧራቸው የሚራገፍ ፋይሎች። አንድ ቀን አንዱን ገልጬ ሳነብ ገጽ 7 ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ስም አገኘሁ። ሰውየው ከሌላ ሲገለብጥ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ቀይሮ የውስጡን ረስቶታል። ማንም አላየበትም፤ ማን ያነበዋል ብላችሁ ነው? እኔም ብሆን ልስቅበት አልችልም። ለደረጃ እድገት ብዬ ያስገባሁት ምርምር ከዚያ ብዙም አይሻልም ነበር።

ይህን የምጽፈው የትምህርት ቤት አመራር ትምህርት ለጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ መምህራን ነው። በተለይ «ተግባራዊ ምርምር ሠርታችሁ ታቀርባላችሁ» ሲባል ልባችሁ ድንግጥ ለሚል። የእኔ ብሎ ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። ያኔ ዩኒት መሪም ነበርኩ፤ የተማሪዎችን ሰልፍና ሥነ ሥርዓት የምከታተል። በ2014 ክረምት የትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማውን ጀመርኩ። ክረምቱን እንማራለን፣ መስከረም ሲጠባ ወደየትምህርት ቤታችን ተመልሰን የተማርነውን እንሞክራለን። ከክፍሉ ሴቶች አምስት ብቻ ነበርን። አንዷ ልጇን ከእናቷ ጋር ጥላ የመጣች ስለነበረች ማታ ማታ በስልክ እሹሩሩ ስትል እንሰማት ነበር። ይሄ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ልለፈው።

ርዕስ አምጡ ተባልን። የእኔ የመጀመሪያ ርዕስ እንዲህ ይላል፦ «በወረዳው በሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ውጤት ዝቅተኛ የሆነባቸው ምክንያቶችና የመፍትሔ ሐሳቦች»። ስጽፈው ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አማካሪዬ አንዴ አነበበውና ወረቀቱን መለሰልኝ።

«ይሄ የወረዳው ነው። ያንቺ የቱ ነው?»

ዝም አልኩ።

«ሰኞ ጠዋት ገብተሽ፣ ማንንም ሳታስፈቅጂ፣ ልትነኪው የምትችይው ነገር ምንድን ነው?»

ማርፈድ አልኩት። ከአፌ የወጣው እሱ ነበር፤ በዚያ ዓመት እንደ አርፋጅ ያናደደኝ ነገር አልነበረም። «የተማሪዎች የማርፈድ ችግር፣ መንስኤውና መፍትሔው» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም መለሰልኝ። መንስኤው ምን ይመስልሻል አለኝ። ስንፍናና የወላጅ ቸልተኝነት ነዋ አልኩት ሳላስብ። «መልሱን ካወቅሽው ታዲያ ምኑን ትመራመሪያለሽ?» አለኝና ጥያቄውን «እኔ» በሚል ቃል እንድጀምር አዘዘኝ። እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ እኔ እንደ ዩኒት መሪ ምን ባደርግ ጠዋት ጠዋት የሚባክነው የመማሪያ ጊዜ ይቀንሳል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቃላት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። «ተማሪዎች» የሚለውን አውጥቶ «እኔ» ማስገባት ምን ይለውጣል? ይህች ቃል በኋላ የት እንደምታደርሰኝ ባውቅ ኖሮ ወደ ወረዳው ርዕስ እመለስ ነበር።

ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የፈጀብን የናሙና ጉዳይ ነበር። ስንት ተማሪ ይበቃል፣ ቀመሩ የቱ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይሰላል እያልን ተከራከርን። መምህራችን ሰልችቶት መሰለኝ አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ኩርት ሌዊን የሚባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1946 ስለዚህ የምርምር ዓይነት ሲጽፍ ሐሳቡ ተመራማሪው ነገሩን እየቀየረ እንዲማር ነበር። ታቅዳለህ፣ ትሞክራለህ፣ የሆነውን ታያለህ፣ ታስባለህ፣ እንደገና ታቅዳለህ። የእናንተ ምርምር ለአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲሠራ አይጠበቅም፤ ለእናንተ ግቢ ይሥራ፣ ግቢያችሁን በደንብ ግለጹት፣ የሚመስለው ያለ ሰው ከዚያ ይወስዳል አለን። ናሙና የሚባለው ጭንቀት ያን ቀን ለቀቀኝ። ለመደመርና ለማካፈል ደግሞ የስልኬ ካልኩሌተር በቃኝ።

ኅዳር ላይ ጀመርኩ። የእኛ ግቢ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ሰልፍ 2 ሰዓት ላይ፣ በር የሚዘጋው 2:05፣ አንደኛ ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው 2:15። ከ2:05 በኋላ የመጣ ወይ በር ላይ ይንበረከካል ወይ ይመለሳል። ማንበርከክ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ይደረግ ነበር፣ እኔም አድርጌያለሁ።

ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ስም፣ ክፍል፣ የመጣበት ሰዓት፣ ምክንያት። ለዘበኛችን ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ደብተሩን ስከፍት የምክንያት አምዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። «ስላረፈደ።» «ስላረፈደች።» «ስላረፈደ።» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጋሼን ግን ምን ልበላቸው? ምን ብለው እንደሚጠይቁ አልነገርኳቸውም። ደግሞም ልጁ ፊታቸው ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ምን ምክንያት ይነግራቸዋል።

መጠይቁም ያው ሆነ። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ አምስት አማራጭ ያለው፣ ከሌላ ምርምር ያየሁትን ዓይነት አዘጋጅቼ ራሴ በተንኳቸው። ሲሰበሰብ ልጆቹ «ቤቴ ከትምህርት ቤት ሩቅ ነው» በሚለውም «ቤቴ ለትምህርት ቤት ቅርብ ነው» በሚለውም «በጣም እስማማለሁ» ላይ አክብበዋል። ጠዋት ያንበረከከቻቸው ሴትዮ ከሰዓት ወረቀት ይዛ ስትመጣ ሌላ ምን ይጠበቃል? የአመራር ቦታ ላይ ሆኖ መመራመር አንዱ ጣጣው ይሄ ነው። ሰው የሚመልስላችሁ ለጥያቄው ሳይሆን ለሥልጣናችሁ ነው። ስለዚህ መጠይቁን ጣልኩት። አንድ የአማርኛ መምህር ጓደኛዬ በእኔ ፈንታ ብጣሽ ወረቀት አደለልኝ፣ ስም የለውም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፍህ ከተነሳህ እስከ ትምህርት ቤት ምን ምን ሠራህ? መልሱን የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተቱ። ከመጠይቁ ሁሉ ይልቅ ያ ካርቶን ነገረኝ። እንጨት። እበት መጥረግ። ታናሽ ወንድም ማልበስ። ውሃ። ውሃ። ውሃ።

የዘበኛው ደብተር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። በአሥር የትምህርት ቀን 214 ማርፈድ ተመዝግቧል። ስሞቹን ስለቅም ግን ከግማሽ በላዩ የ31 ልጆች ነው። እኔ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ስሳደብ የነበረው ለ31 ልጅ ነበር ማለት ነው። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ሰፈራቸውም አንድ አካባቢ ነው።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ቦኖው ጋ ሄድኩ። ታኅሣሥ ነው። አካባቢያችን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያ ወር ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። 12:40 ላይ ስደርስ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣ ባለቤቶቻቸው ግድግዳው ጥግ ተኮልኩለው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። አንዷ የ6ኛ ክፍል ተማሪዬ አየችኝና ተነሳች።

«ቲቸር፣ እዚህም ሊመዘግቡኝ ነው?»

አይደለም አልኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቦኖው የሚከፈተው 1 ሰዓት ላይ ነው። ተራዋ ደርሶ፣ ባለ ሃያ ሊትሩን ቤት አድርሳ፣ ዩኒፎርም ቀይራ ስትመጣ አንዳንዴ ትደርሳለች፣ አንዳንዴ በሩ ተዘግቷል።

«ሲዘጋ ወደ ቤት ትመለሻለሽ?»

«አይ፣ እማዬ ትቆጣለች። ከግንቡ ኋላ ተቀምጬ የእረፍት ደወል ሲደወል እገባለሁ።»

አራት ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ሁለተኛው የእኔ ሂሳብ ነው። ይህች ልጅ በክፍልፋይ ደካማ ናት ብዬ ማርክ ሊስቱ ጥግ ላይ ምልክት ያደረግሁባት ልጅ ነች።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያምራል አይደል? አዛኝ መምህርት ችግሩን ቦኖ ድረስ ሄዳ አገኘችው። አማካሪዬ ግን ደውሎ «ጥያቄሽ ስለሚባክን ጊዜ ነው እንጂ ስለ አርፋጅ ብቻ አይደለም። ውስጥ ያሉትስ በሰዓቱ ይጀምራሉ?» አለኝ። ያንን ደግሞ ራሴ ብለካ አላምነውም። የአማርኛ መምህሩን በስልክህ ሰዓት ያዝልኝ አልኩት፣ ሁለት ሳምንት፣ ደወሉ ከተደወለ እስከ መጀመሪያዋ ጠመኔ።

ውጤቱን ሻይ ቤት ውስጥ ነው ያሳየኝ። 2:15 የሚጀምረው ትምህርት በአማካይ የሚጀምረው 2:27 ነው። የሚባክነው 12 ደቂቃ በአምስት ቀን ሲባዛ 60 ደቂቃ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ በመሆኑ በሳምንት አንድ ተኩል ክፍለ ጊዜ በየክፍሉ ይጠፋል። ከአርፋጆቹ ሁሉ ይበልጣል። ለምን ይዘገያል? መምህራን ከሰልፍ በኋላ ገና መዝገብና ጠመኔ ለመውሰድ ወደ ስታፍ ይሄዳሉ፣ ይሄ አንዱ ነው። ዋናው ግን ሰልፉ አያልቅም። መዝሙሩና ባንዲራው 4 ደቂቃ ነው። ከዚያ ንግግር አለ። ንግግሩ አንድ ቀን 14 ደቂቃ፣ አንድ ቀን 16። ንግግር የምታደርገው ዩኒት መሪዋ ነች።

እኔ ነኝ።

የማክሰኞውን ከነርዕሱ ጽፎታል፦ «ስለ ማርፈድ፣ 11 ደቂቃ»።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ማታ ይህን ክፍል ከምርምሩ ላውጣው ወይ ብዬ በደንብ አስቤያለሁ። ማን ያውቃል? ቦኖዋና ልጅቷ ብቻቸውን ጥሩ ምርምር ይወጣቸዋል። ያላወጣሁት ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ጓደኛዬ «ይሄን ከቆረጥሽው የእኔ ስም ምስጋናው ላይ እንዳይገባ» ስላለኝ ነው። እንዲህ የሚላችሁ አንድ ሰው ሳትይዙ አትጀምሩ። የሚያደንቃችሁ ጓደኛ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ግን የሚያስተዛዝብ ነው። ግልጽነት መስሎኝ የመምህራንን ክፍል የመግቢያ ሰዓት ከነስማቸው ሠንጠረዥ ሠርቼ ስታፍ ውስጥ ለጠፍኩት። ከእረፍት በፊት ተቀደደ። አንድ ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው «ልጄ፣ ሹመቱ ሳይመጣ ጠላቱን አፈራሽ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ማንንም ሳላስፈቅድ ነው የመዘገብኳቸው፤ ልጆቹን ሳስጠይቅ የተጠነቀቅሁትን ያህል እንኳ ለባልደረቦቼ አልተጠነቀቅሁም። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ስብሰባችን ላይ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ የራሴን ቁጥር ብቻ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ንግግር፣ በአማካይ 13 ደቂቃ። ሌላ ምንም አላልኩም። ትንሽ ዝም ተባለና ያ ሰላም ያላለኝ ሰውዬ «የእኔ እንኳ ጠመኔ ስለማይኖር ነው» ብሎ ጀመረ። ውይይቱ ከዚያ በኋላ ነው ውይይት የሆነው። በዓመት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ይጠበቅብናል፤ የምርምሬን ሥራ እዚያ ውስጥ ስላስገባነው ለማንም ትርፍ ሸክም አልሆነም። ይህን ዘዴ ብትወስዱት ይጠቅማችኋል።

ጥር 2015 ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነገረ፣ ያለፈው 3.3 በመቶ ነው ተባለ። ከክፍል ጓደኞቼ ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ግማሾቹ ርዕሳቸውን ወደዚያ ቀየሩ። ይገባኛል፣ አገር ደንግጧል። ግን መረጃ ሰብስበው ጨርሰው የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ደውሎልኝ አንቺስ አትቀይሪም ወይ ሲለኝ ያ 3.3 በመቶ የሚጀምረው ምናልባት ከግንቡ ኋላ ነው አልኩት። ትንሽ ተመጻድቄ ነበር፣ ግን አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው።

የካቲት ላይ ሙከራውን ጀመርን። በሩ አይዘጋም። ማንበርከክ ቀረ። ንግግር ሰኞና ዓርብ ብቻ፣ ከ3 ደቂቃ አይበልጥም፣ ሰዓት የሚይዘው የክፍል አለቃ ነው። ጠመኔና መዝገብ ከሰልፍ በፊት በየክፍሉ ይደርሳል። ሁለት ሳምንት አለፈና ደብተሩን ደመርኩ።

አርፋጅ ጨመረ!

ስታፍ ውስጥ «ይኸው፣ ልጅ ሲለቁት» ተባለ። ሆዴ ተረበሸ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን የምቆጥረው ነገር ነው የተበላሸው። ድሮ በሩ ተዘግቶ ሲያዩ ወደ ዘበኛው ሳይቀርቡ ከግንቡ ኋላ የሚቀመጡት ደብተር ላይ የሉም ነበር። አሁን ገብተው ተመዘገቡ። መቁጠር የነበረብኝ ያረፈደውን ሰው ሳይሆን ያመለጠውን ክፍለ ጊዜ ነው። ከየክፍሉ ስም መጥሪያ እንደገና ሳወጣው የ31ዱ ልጆች ያመለጣቸው ክፍለ ጊዜ ከታኅሣሡ ጋር ሲተያይ ከግማሽ በታች ወርዷል። በጥያቄያችሁና በምትቆጥሩት ነገር መካከል ያለውን ነገር ገና ስትጀምሩ አጥብቃችሁ እዩት። እኔን ይህች ሁለት ወር በላችኝ።

በሁለተኛው ዙር፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ሁለት ነገር ጨመርን። አንደኛው የጠዋት ጥያቄ ነው። ከሰልፍ በፊት በየክፍሉ ሰሌዳ ላይ አንድ አጭር ጥያቄ ተጽፎ ይጠብቃል፣ ቀድሞ የገባ ይሠራል። ሁለተኛው ቦኖው። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በኩል የውሃ ኮሚቴውን አነጋገርን። እኔ ሄጄ ብለምን የሚሰሙኝ አይመስለኝም፤ የኅብረቱ ሰብሳቢ ግን የራሳቸው ልጅ ከጀሪካኖቹ አንዱ ኋላ ስለምትቆም ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። ቦኖው 12:30 ላይ መከፈት ጀመረ።

ግንቦት ላይ አንደኛ ክፍለ ጊዜ በአማካይ 2:18 ላይ ይጀምር ነበር። ከ2:27 ማለት ነው።

ሪፖርቱን ስጽፍ መጀመሪያ 28 ገጽ ሆነ፣ 11ዱ ገጽ ስለ ማርፈድ የተጻፈ የሌሎች ሰዎች ሐሳብ። ሦስት ገጽ አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩ፣ አንድም ነገር አልጎደለም። ለመጻፍ ያዳነኝ በየማታው የምጽፋት አምስት መስመር ነች። ቀን፣ ምን ሆነ፣ ማን ምን አለ፣ ምን ተሰማኝ፣ ነገ ምን አያለሁ። ሲደክመኝ ሦስት መስመር። ያ ደብተር ባይኖር «ስላረፈደ» የሚለውን እንኳ አላስታውሰውም ነበር።

ሳቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ እጁን አወጣ። «ብርዱስ?» አለኝ። አልገባኝም። «መነሻውን የለካሽው በታኅሣሥ ውርጭ ነው። መጨረሻውን በግንቦት። ልጆቹ ቀድመው የመጡት በሩ ስለተከፈተ ነው ወይስ ፀሐይ ስለወጣች?» ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። መልስ የነበረኝ ለግማሹ ብቻ ነው። የሰልፉ ርዝመትና ጠመኔው ከብርድ ጋር አይገናኙም፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜውን በሰዓቱ መጀመር ለሙከራው ልሰጠው እችላለሁ። የልጆቹን መምጣት ግን መለየት አልችልም አልኩት። ይህንኑ ጽፈሽ አስገቢው አለኝ። አስገባሁት። በሚቀጥለው ታኅሣሥ እንደገና መለካት የሚል መስመርም ጨመርኩበት። ገና ለምትጀምሩ፦ መነሻና መድረሻችሁ አንድ ዓይነት ወቅት ላይ ቢውል ይሻላል፣ ጾሙንና የአዝመራውን ጊዜም አስቡ።

ሐሙስ ግን ምንም አልተነቃነቀም። ሐሙስ የገበያ ቀናችን ነው። በሩም ቢከፈት፣ ቦኖውም ቢቀድም፣ ንግግሩም ቢያጥር የሐሙስ ቁጥር ከኅዳር እስከ ግንቦት ያው ነው። ልጆቹ አያረፍዱም፣ ጭራሽ ይቀራሉ። ሪፖርቱ ላይ አንድ አንቀጽ ሰጥቼው አለፍኩ። በቀደም አዲስ ደብተር ገዛሁና ሽፋኑ ላይ «ሐሙስ» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እስካሁን ያለው የአንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ንግግር ብቻ ነው፦ «ቲቸር፣ ሐሙስ እኮ እኔ ነኝ በጉን የምይዘው።»